«ሰውነትሽን ውደጂ» እያለ የሚሸጥልሽ ገበያ





በ2020 ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ዘፋኟ ሪሃና «ሳቬጅ ኤክስ ፌንቲ» የተባለውን የሴቶች የውስጥ ልብስ ስብስቧን በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ ለዓለም አሳየች (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሞዴሎቹ በውስጥ ልብስ እየተወዛወዙ ሳለ ከጀርባ ከተለቀቁት ሙዚቃዎች በአንደኛው ውስጥ ስለ ቂያማ የሚናገር የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲሥ በዐረብኛ ተቆርጦ ገብቶ ነበር። ሙዚቃው «ዱም» ይባላል፤ ኩኩ ክሎኤ የምትባል ለንደን የምትሠራ ፈረንሳዊት በ2016 ያወጣችው ነው። ሱብሐነላህ! የዓለም ሙስሊም ተቆጣ፣ መቆጣትም ነበረበት። በቀናት ውስጥ ሙዚቀኛዋም ሪሃናም ይቅርታ ጠየቁ። ሪሃና ስህተቱ ከግዴለሽነት የመጣ እንጂ ታስቦበት እንዳልሆነ ጽፋ፣ ዳግም እንደማይፈጸም ቃል ገባች።

በብዙዎቻችን ዘንድ ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ። ወጣት እህቶቻችን ዘንድ ግን አልተዘጋም። ከደርስ በኋላ በሴቶች በኩል በብጣሽ ወረቀት ተጽፈው ከሚመጡልን ጥያቄዎች መካከል እንዲህ ዓይነቱ አይጠፋም፦ «እሺ፣ ሐዲሡ ባይገባበት ኖሮስ? ወፍራሟም፣ ቀጭኗም፣ ጥቁሯም፣ ጠባሳ ያለባትም እኩል ቆማ ቆንጆ ነሽ መባሏ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

ይህ ጥያቄ «ሐራም ነው፣ ተይው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጠያቂዋ ሐራሙን ታውቀዋለች። የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በኢንሳፍ እንየው።

ይህ ስብስብ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ገበያ ላይ ነግሦ የነበረው «ቪክቶሪያስ ሲክሬት» ነው። በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ የከፈተው ሮይ ሬይመንድ የተባለ ሰው ነበር። ለሚስቱ የውስጥ ልብስ ሊገዛ ሄዶ ተሸማቀቀ፣ ከዚያም ወንድ ልጅ ሳያፍር ገብቶ የሚገዛበት ሱቅ አቋቋመ። ልብ በሉ፣ የሴት ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ሲከፈት የታሰበው ለወንዱ ምቾት ነው። ሱቁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ፣ በ1995 የፋሽን ትዕይንት ጀመረ፣ ሞዴሎቹንም ክንፍ አልብሶ «መላእክት» ብሎ ጠራቸው፣ አስተግፊሩላህ። እነዚያ «መላእክት» ሁሉ ረጃጅምና ቀጫጭን ነበሩ። በ2014 ቀጫጭን ሴቶችን አሰልፎ «ፍጹሙ ገላ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። እንግሊዝ አገር ያሉ ወጣት ሴቶች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙና ጽሑፉን ቀየረ። በ2018 ኖቬምበር ደግሞ የትዕይንቱ ኃላፊ ኤድ ራዜክ ለቮግ መጽሔት ሲናገር፣ ወፍራም ሴቶች የሚቀርቡበትን ትዕይንት ማየት የሚፈልግ ሰው የለም የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተናገረ። በዓመቱ እሱም ሥራውን ለቀቀ፣ ትዕይንቱም ተሰረዘ።

ሪሃና የገባችው በዚህ ስንጥቅ ነው። በ2017 የፊት መዋቢያ ስታወጣ በ40 ዓይነት የቆዳ ቀለም አወጣች። ከዚያ በፊት ብዙ ኩባንያዎች «የቆዳ ቀለም» ሲሉ የነጭ ቆዳ ማለታቸው ነበር። ጥቁር ሴት ሱቅ ገብታ ለእሷ የሚሆን አጥታ ትወጣ ነበር። በ2018 ሜይ የውስጥ ልብሱ ተከተለ፤ ከትንሽ ቁጥር እስከ ትልቁ ድረስ፣ ለጠይሟም ለጥቁሯም ቆዳ የሚሄድ ቀለም ይዞ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በኒውዮርክ ባሳየችው ትዕይንት ስሊክ ዉድስ የተባለች የደረሰች እርጉዝ ሞዴል ሆዷን ገልጣ ወጣች፤ ትዕይንቱ ላይ ምጥ ያዛትና ወዲያው ወለደች። ዓለም አጨበጨበ።

ስለዚህ የእህታችን ጥያቄ ከባዶ የመጣ አይደለም። ቁስል አለ። ቁስሉም የኒውዮርክ ብቻ አይደለም። በከተሞቻችን ወፍራም እህት ልብስ ሱቅ ስትገባ ሻጩ ከላይ እስከ ታች አይቷት «ላንቺ የሚሆን የለም» ይላታል፣ አጠገቧ የቆሙትም ይስቃሉ። ቀጭኗን ደግሞ «ምነው፣ ቤታችሁ ምግብ የለም እንዴ?» ይሏታል። ጠይሟን አክስቶቿ «መልክሽ ሸጋ ነበር፣ ቀለምሽ ነው እንጂ» ይሏታል። ፊት የሚያነጣ ቅባት በየሱቁ ይሸጣል፤ ቆዳቸው ተልጦ ፀሐይ መቋቋም ያቃታቸው እህቶች አሉ። ይህንን የምታይ ልጅ አንዲት ታዋቂ ሴት «እንደሆንሽው ቆንጆ ነሽ» ስትላት ብትሰማት ምን ይገርማል?

እኛ «ሰውነትን እንዳለ መውደድ» የሚባለውን ጥሪ፣ እነሱ ቦዲ ፖዚቲቪቲ የሚሉትን፣ ሙሉ በሙሉ የምንጥለው አይደለንም። አጀማመሩንም እናውቃለን። በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ወፍራም ሰዎች በሥራ ቅጥር፣ በሐኪም ቤትና በየመንገዱ የሚደርስባቸውን መናቅ ተቃውመው ተነሡ፤ በ1969 ማኅበር መሠረቱ። የጠየቁት ፍትሕ ነበር። ሐኪሙ ሕመሜን ይስማኝ፣ ቀጣሪው ሥራዬን ይይልኝ፣ አትስደቡኝ ነው ያሉት። ማንኛውም ሙስሊም ይህን ጥያቄ ሲሰማ «ሐቅ ነው» ይላል።

ገበያው ሲረከበው ግን ጥያቄው ሌላ ሆነ። «አትናቁኝ» የነበረው «እዩኝ» ሆነ። ወፍራሟ ሴት ክብሯ እንዲመለስላት ቀጭኗ ስትገለጥበት በነበረው መድረክ ላይ እሷም መገለጥ አለባት ተባለ። ከ«ሰውነትሽን አትጥዪ» ወደ «ስለዚህ አሳዪው» የተሄደው መንገድ የት ላይ ነው የተነጠፈው? እህቴ፣ እስቲ ቆም ብለሽ አስቢው። ሁለቱን የሚያገናኝ ምንም ነገር የለም፤ መሐል ላይ ያለው ሻጭ ነው። ቀድሞ ዳኛው ቀጭኗን ብቻ ያሳልፍ ነበር፣ አሁን ሰፋ አድርጎ ያሳልፋል። ዳኛው ግን ከወንበሩ አልተነሣም። አሁንም ሴቷ ቆንጆ መሆኗን የምታውቀው ተመልካች ሲያጨበጭብላት ነው።

ወንበሩ ላይ ያለ ዳኛ ደግሞ ሐሳቡን ይቀይራል። ቀይሯልም። ለስኳር ሕመም የተሠሩ፣ ክብደት የሚቀንሱ እንደ ኦዜምፒክ ያሉ መርፌዎች በሀብታሞቹ ዘንድ በተስፋፉበት ሰሞን የፋሽን መድረኩ ተመልሶ ጠበበ። ቮግ ቢዝነስ በየወቅቱ ቆጠራ ያወጣል። ለ2025 በልግና ክረምት በኒውዮርክ፣ በለንደን፣ በሚላንና በፓሪስ ከቀረቡት አለባበሶች 97.7 ከመቶው በቀጫጭን ሞዴሎች የቀረበ ነው። መካከለኛ ሰውነት ያላቸው 2 ከመቶ፣ ወፍራሞቹ 0.3 ከመቶ። ከሺህ ሦስት ማለት ነው። ቪክቶሪያስ ሲክሬትም በ2024 ትዕይንቱን ከነክንፉ መልሶታል፤ ወፈር ያሉ ጥቂት ሞዴሎችን ጨምሮበታል፣ ያው ትናንት ስለተወቀሰ። ያኔ «ቆንጆ ነሽ» የተባለችው ልጅ ዛሬ ምን ትበል? ሰውነቷ ያው ነው። የተለወጠው የገበያው ስሜት ነው።

ዩኒሊቨር የሚባለውን ኩባንያም እዩት። «ዶቭ» በተባለው ሳሙናው ከ2004 ጀምሮ «እውነተኛ ውበት» እያለ ሴቶች ራሳቸውን እንዲወዱ ይሰብካል። በሌላ እጁ ደግሞ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለውን ፊት የሚያነጣ ቅባት በእስያና በሌሎችም አገሮች ሲሸጥ ኖሯል። ወቀሳው ሲበዛበት በ2020 ስሙን ቀየረው፤ ቅባቱ ግን ከገበያ አልወጣም። አንዱ ኩባንያ አንዷን ሴት «እንዳለሽ ውብ ነሽ»፣ ሌላዋን «ትንሽ ብትነጪ» ይላታል። ሁለቱም ገንዘብ ይከፍሉታል።

ስለ ገንዘብ ካነሣን፣ ሳቬጅ ኤክስ ፌንቲ በ2021 መጀመሪያ ከባለሀብቶች 115 ሚሊዮን ዶላር ሲሰበስብ ዋጋው 1 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። ንግድ ሐላል ነው፣ ሪሃና ሀብታም በመሆኗ አንቀናም። ነገር ግን ቢሊዮን የሚያወጣ ነገር ሲመክርሽ ምክሩን ከሸቀጡ ለይተሽ ስሚው።

በዚህ ሁሉ «የሴት ገላ ክቡር ነው» ጩኸት ውስጥ የማይነሣ ሌላ ገላም አለ፦ የምትሰፋዋ። የትኛው ብራንድ የት እንደሚሰፋ ዝርዝር ውስጥ አንገባም፤ የአገራችንን እናውቃለን። ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲከፈት ከገቡት አንዱ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ነበር። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሆኖ ተገኘ፤ በዓለም ካሉ ልብስ ሰፊ አገሮች ዝቅተኛው። ከገጠር የመጡ እህቶች ናቸው፤ አንዲት ክፍል ለብዙ ተከራይተው እያደሩ ቀኑን ሙሉ ወገባቸው እስኪንቀጠቀጥ የሚሰፉ። የእነሱን ገላ ማን አከበረው? የትኛው መድረክ ላይ ወጣ?

አሁን ወደ ገመናው እንምጣ። እነዚህ ስብስቦች ሲተዋወቁ «መቀራረብ»ን እናሳያለን ይላሉ፤ የሁለት ሰዎችን ምሥጢር፣ የመኝታ ክፍልን ስሜት። አማርኛችን ለዚህ ቆንጆ ቃል አለው፣ ገመና ይላል። ገመና የሚሸፈን ነገር ነው፤ የሚሸፈነውም ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ወርቅም ይሸፈናል።

እስልምና በዚህ ጉዳይ የሚሸማቀቅ መስሎ የሚታያቸው አሉ። የሸሪዓን ኪታብ ገልጦ የቀራ ግን ይህን አይልም። ሱረቱል በቀራህ 187ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ባልና ሚስትን የገለጸው በልብስ መስሎ ነው፤ ከዚህ የቀረበ ምን አለ? የአንሷር ሴቶች ስለ ወር አበባና ስለ ገላ ትጥበት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ለፊት ይጠይቁ ነበር፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ሐያእ ዲናቸውን ከማወቅ ስላላገዳቸው አመስግናቸዋለች። ባልና ሚስት መገናኘታቸው ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍ በሙስሊም የተዘገበ ሐዲሥ አለ፤ ሶሐቦቹ ራሳቸው ተገርመው ጠይቀውበታል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሚስቱ እንድትዋብለት እንደሚወድ ሁሉ እሱም ለእሷ መዋብ እንደሚወድ ይናገር ነበር። ይህን ወንድሞች ልብ ይበሉት፤ ካልሲውን ለሦስት ቀን ሳይቀይር ሚስቱን «አትዋቢልኝም» ብሎ ለሽማግሌ የሚከስ አለና።

ስለዚህ ሚስት ለባሏ የምትለብሰው የውስጥ ልብስ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ነውር የለበትም። አጅርም አለበት ኢንሻአላህ። ነውሩ ገመናው ሲሸጥ ነው። የመኝታውን ምሥጢር አውጥቶ የሚያወራ ባል በቂያማ ዕለት ከሰዎች ሁሉ ክፉ ደረጃ ካላቸው መካከል እንደሆነ ሐዲሥ መጥቷል። አንድ ባል ለጓደኞቹ ሲያወራ ይህ ከሆነ፣ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ በካሜራ ሲታይ ምን እንበል? ሁሉም የሚያየው መቀራረብ መቀራረብነቱ ምኑ ላይ ነው?

እዚህ ላይ በጣም የምንወደውን አንድ ታሪክ እናንሳ። ራሷ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናት ያወራችው፤ አቡ ዳዉድና አሕመድ ዘግበውታል። በአንድ ጉዞ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አብረዋቸው ያሉትን ሰዎች ወደ ፊት እንዲቀድሙ አዘዙ። ሰዉ ከራቀ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ሩጫ ተወዳደሩ። ያኔ ቀጭን ልጅ ነበረችና ቀደመቻቸው። ጊዜ አለፈ፣ ዓኢሻ ሥጋ ጨመረች፤ ይህንንም ሳትሸፋፍን ነው የምትናገረው። በሌላ ጉዞ ላይ እንደገና ሰዉን አስቀደሙና ለሩጫ ጠሯት። የዚያን ጊዜ እሳቸው ቀደሙ፤ እየሳቁም ያኛው በዚህኛው ተካካሰ አሏት።

ይህን ታሪክ ደጋግማችሁ አስቡት። መወፈሯ ለጨዋታ ከመጠራት አላስቀራትም። «እንደ ድሮሽ አይደለሽም» አልተባለችም። እሷም ቢሆን ዓመታት አልፈው ታሪኩን ስታስተላልፍ መወፈሯን እንደ ኀፍረት አልደበቀችውም፤ ዛሬ ድረስ በየመድረሳው ይቀራል። ደግሞ ሁለቱም ጊዜ ሰዉ እንዲያልፍ ተደርጓል። ሳቁም፣ ጨዋታውም፣ የገላዋ መለወጥም የሁለቱ ብቻ ነበር። ማንም አላጨበጨበላትም፤ ጭብጨባ አላስፈለጋትም። የሚወዳት ሰው አጠገቧ ነበር።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ከበድ ይላል። ስለ ሶፊያ (ረ.ዐ) ቁመት ማጠር አንዲት ቃል በተነሣች ጊዜ፣ ያቺ ቃል ከባሕር ውሃ ጋር ብትቀላቀል ባሕሩን እንደምትለውጠው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል፤ አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ስለ ሴት ልጅ ቁመት የተነገረች አንዲት ቃል! በየሠርጉ፣ በየቡና ሥርዓቱ ላይ «ሙሽራዋን አየሃት? አጠረችሳ»፣ «ከወለደች በኋላ እንዴት ተበላሸች» ሲባል ስንት ባሕር ይበከላል? ሱረቱል ሑጁራት 11ኛዋ አያ መሳለቅን ስትከለክል ወንዶቹን ከተናገረች በኋላ ሴቶችን ለብቻ ጠርታ ትከለክላለች። ለወንዱም ያው ነው። የኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ቅልጥሞች ቀጫጭን በመሆናቸው ሶሐቦች ሲስቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነግረዋቸዋል።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ካንተ ጋር እንነጋገር። ያ የ2020 ትዕይንት ሲወራ በየገጹ እርግማን ስትጽፍ ነበር። ጥሩ። ሐዲሡ ስለተደፈረ ተቆጣህ። ግን ያንን ትዕይንት ቁራጭ ቪዲዮውን ስንት ጊዜ ነው ያየኸው «ለማጋለጥ» ብለህ? ሱረቱ አን-ኑር ላይ ዓይንን ስለ መስበር የመጣው ትእዛዝ በመጀመሪያ የተነገረው ለወንዶች ነው፣ ሒጃብ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ስልክህ ላይ በማጣሪያ የተለሰኑ፣ በቢላ የተስተካከሉ ገላዎች ስታይ አምሽተህ፣ ሦስት ልጅ ወልዳ ያጠባችልህን ሚስትህን «ሰውነትሽን ጣልሽው» ካልካት፣ አንተና ያ ኤድ ራዜክ የምትለያዩት በደመወዝ ብቻ ነው። ልትታጭ የቀረበችን ልጅ ለማየት ሄደህም ሸሪዓ የፈቀደልህ ማየትን ነው፣ ወጥተህ ለጓደኞችህ «ወፍራም ናት፣ ጠቆር ትላለች» እያልክ እንድታወራ አልፈቀደልህም። ካልተስማማህ ዝም ብለህ ሂድ።

አንዳንዶች ደግሞ መፍትሔውን «ሙስሊም ፋሽን» ውስጥ ይፈልጉታል፤ ሒጃብ ለብሳ መድረክ ላይ ብትወጣስ ይላሉ። ይህም ተሞክሯል። ሐሊማ አደን በካኩማ የስደተኞች መጠለያ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ሶማሊት እህታችን ናት። በ2016 በሚኒሶታ የቁንጅና ውድድር ሒጃብና ቡርኪኒ ለብሳ ቀረበች፣ ከዚያ ታላላቅ መድረኮች ላይ ወጣች፣ በቮግ ሽፋን ላይ ታየች፣ የሪሃና የፊት መዋቢያ ማስታወቂያ ላይም ከነሒጃቧ ሠራች። ሪሃና ሒጃቧን እንዳከበረችላት ራሷ መስክራለች፤ ይህንንም እንጽፈው፣ ሐቅ ነውና። ሌሎቹ ግን እያደር ሒጃቧን እያሳጠሩና እየቀያየሩ አንድ ቀን በሒጃቡ ፋንታ ጭንቅላቷ ላይ የጂንስ ሱሪ ጠመጠሙባት። በ2020 ኖቬምበር፣ ከዚያ ትዕይንት ሁለት ወር ሳይሞላ ማለት ነው፣ በቃኝ ብላ ከመድረክ ወረደች። እናቷ ለዓመታት ስትለምናት እንደነበር ተናግራለች። አላህ ያጽናት። ሒጃቡም ቢሆን መድረክ ላይ ሲወጣ ገበያው እንደ ጨርቅ ነው የሚያየው፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይቆርጠዋል።

እህቴ ሆይ፣ «ሰውነቴን መውደድ ሐራም ነው ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አይደለም። የአላህ አማና ነው፤ ታጥበሽ፣ ተመግበሽ፣ ተንቀሳቅሰሽ፣ ታክመሽ ያዢው። ሐኪም ለጤናሽ ክብደት ቀንሺ ቢልሽ ስሚው፣ ያ ስድብ አይደለም። ለቅባት ሻጭ ብለሽ ግን ቆዳሽን አትላጪ። ማንም ሰው፣ ባልሽም ቢሆን፣ አላህ በቀረፀው መልክሽ ሊያሾፍብሽ ሥልጣን የለውም። ደግሞ ማንም ሰው እንዲያይሽና እንዲያጸድቅልሽ ዕዳ የለብሽም።

አንድ ተግባራዊ ነገርም እንጨምር፣ በየደርሱ የማይነሣ ነገር ስለሆነ። በከተሞቻችን የሴት የውስጥ ልብስ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ አስፋልት ዳር ዘርግቶ ወይም ጠባብ ሱቅ በር ላይ ሰቅሎ። እህት የጡት ማስያዣ ቁጥሯን አላፊ አግዳሚው እየሰማ ትናገራለች፤ እሱም በዓይኑ ለክቶ «ይሄ ይበቃሻል» ይላታል፣ አንዳንዱም ቀልድ ይጨምርበታል። ስንት እህቶች በዚህ ኀፍረት የማይመጥናቸውን ገዝተው ይሄዳሉ። መጋረጃ ያለው፣ ሴት የምትሸጥበት፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ ቁጥር የያዘ፣ ሴቶች ብቻ የሚገቡበት ሱቅ ለመክፈት ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። በቁጠባ ማኅበርና በዕቁብ የተደራጃችሁ እህቶች አስቡበት። ነጋዴ ወንድሞችም ሚስቶቻችሁን ቦታ ስጧቸው። ሪሃና የሸጠችው ግማሹ ነገር፣ ማለትም በልክሽ የሆነ ልብስ በክብር መግዛት፣ ያለ ካሜራ ሊቀርብ የሚችል ነገር ነው።

በመጨረሻም አሜሪካ ያላችሁ እህቶች «የዚህን ብራንድ ልብስ ገዝቼ ቤቴ ውስጥ ለባሌ ብለብሰውስ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ልብሱ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁን በራሱ ሐራም የሚያደርገው ነገር አናውቅም። ገንዘቧን እዚያ ማውጣት የምትጠላ እህት ደግሞ ጥላቻዋ ይገባናል። የምትገዙ ከሆነ ግን በቅናሽ ዋጋ ስም የሚመጣውን «ቪአይፒ» አባልነት አንብቡት፤ በየወሩ 49.95 ዶላር ከካርድ የሚቆርጥ ነበር። ደንበኛው ሳያውቅ በራሱ ይታደሳል ተብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዐቃብያነ ሕግ ከስሰውት በ2022 ኩባንያው 1.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማምቷል። ሰፈራችሁ የምትሸጥ ሙስሊም እህት ካለች ግን ከእሷ ግዙ።